የባባ ፓራስካ እጅ

ኦሪሲያ ዱቄት ልታመጣ ዕቃ ቤት ባትገባ ኖሮ ያን ቀን ምንም አትሰማም ነበር። ዱቄት አምጪ ያላትም ሰው አልነበረም። እኔ ድስቴ አጠገብ ቆሜያለሁ፣ ዶሪን ጆሮዬ ሥር ናት፣ የዕቃ ቤቱ በር እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል። ዶሪን የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ የኦሪሲያ የወንድሟ የሜትሮ ሚስትም ናት። «የመስኮቱ ጠረጴዛ ፒሮሂ ዛሬም ውሃ ውስጥ ተከፈተ አይደል?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አዎ፣ ተከፈተ አልኳት፤ ከውሃው የማወጣው እኔ ነኝ፣ ምን ብዬ ልዋሽ። «በቃ፣ ከሚመጣው ሐሙስ ጀምሮ ባባ ፓራስካ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። ቦታቸውን እናቴ ትይዘዋለች። ለኦሪሲያ ማንም ትንፍሽ እንዳይልባት» አለችና ወደ ፍሪዘሩ ዞረች። ያኔ ከበሩ ኋላ የዱቄት ከረጢት ዱብ ሲል ሰማሁ። ቀና ብል ኦሪሲያ ናት፤ ፊቷ ከዱቄቱ አይለይም። ከረጢቱን አንስታ በአጠገቤ አልፋ ሄደች። ዶሪን ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየቻትም፤ እኔም ዝም አልኩ፣ በዘመዳሞች መሃል ገብቶ ያተረፈ ሰው አላውቅም።

ባባ ፓራስካ የኦሪሲያ እናት ናቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባባ ማለት አያት ቢሆንም እኛ ሁላችንም፣ ጉልበታችን የሚንቋቋው ሳንቀር፣ ባባ ነው የምንላቸው። በየዓመቱ ከመኸር ጀምሮ ክረምቱን ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ተሰብስበን ፒሮሂ እንሠራለን። ሊጡ ይዳመጣል፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ ይቆረጣል፣ ድንችና አይብ ይገባበታል፣ ከሁለት ታጥፎ ጠርዙ በጣት ይቆነጠጣል፣ ከዚያ ወደኔ ድስት ይመጣል። ዓርብ ዕለት የከተማችን የዊኒፔግ ሰው ከበረዶው ጋር እየታገለ መጥቶ ደርዘኑን በስምንት ዶላር ይገዛል፤ በፊት ስድስት ነበር፣ አሁን ቅቤም ድንችም እሳት ሆኗል። ባባ ፓራስካ የሚቀመጡት በመስኮቱ በኩል፣ ማሞቂያው ሥር ነው። አርባ ክረምት እዚያ ተቀምጠዋል። ጠርዙን እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ነው የሚዘጉት፣ ገዢው ሳይቀር ያውቀዋል፤ «የአሮጊቷ እጅ ያለበትን ስጡኝ» ብሎ የሚለምን አለ። ይሄ እንግዲህ ያለ የሌለ ንብረታቸው ነው። ባል የላቸውም፣ ዓይናቸው ለሹራብ ሥራ አይሆንም፣ ከሐሙስ በስተቀር ከቤት የሚያወጣቸው ነገር የለም።

ኦሪሲያ ከጎናቸው ከተቀመጠች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። ባሏ ሎርን በረዶ ላይ ድንጋይ ከሚያንሸራትቱበት ከከርሊንግ ቡድኑ ውስጥ አንዷን ወዶ ጥሏት ሲሄድ ዓመት ሙሉ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ ብቻ ሆነች። የምትሠራው የሆስፒታል አንሶላ ማጠቢያ ውስጥ ነው። እናቷ ናቸው እጇን ይዘው፣ እንደ ሕፃን እየጎተቱ ወደዚህ ምድር ቤት ያወረዷት። ልጅቷ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ግን ፒሮሂ መብላት እንጂ መሥራት አታውቅም ነበር። እንዲህ ያለም ሰው በመካከላችን ይገኛል።

ውሃ ውስጥ አፉን የከፈተ ፒሮሂ አይሸጥም፤ በሽንኩርትና በቅቤ ይጠበስና የኛ የሠራተኞቹ ምሳ ይሆናል። ድሮ ለሁላችን እንዲደርስ ጥቂት ደህናዎችን እንጨምርበት ነበር። ካለፈው መኸር ወዲህ ግን ምሳችን በረከተ። አንዷ «ሆድ እየገፋን መሰለኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «ከመስኮቱ በኩል ላለው አምላክ ምስጋና ይግባው» ትላለች፣ ይሳቃል። ባባ ፓራስካም ይስቃሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ሁላችንም አይተናል። ኦሪሲያም አይታለች። እናትየዋ ሰው ሰላም ለማለት ዞር ሲሉ፣ ሻይ ሲያነሱ፣ ትሪያቸውን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ትስብና እያንዳንዱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ደግማ ትጫነዋለች። ማንም ያየኝ የለም ትላለች። እኔ ከድስቴ ሆኜ የማላየው ነገር የለም፤ ይህችስ ልጅ ሆነች እል ነበር በልቤ።

እንግዲህ ያን ቀን ኦሪሲያ ዱቄቱን አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ኮቷ የተሰቀለበት ጋ ትንሽ ቆይታ ቦታዋ ተቀመጠችና ዶሪንን በዓይኗ መከተል ጀመረች። ከዚያ በኋላ የማትጠረጥረው ነገር አልነበረም። ዶሪን ለባባ ፓራስካ ሻይ አመጣችላቸው፣ ሁለት ስኳር አድርጋ። ከመቼ ወዲህ ነው ለአማቷ ሻይ የምታመጣው? ትከሻቸው ላይ ሹራብ ጣል አደረገችላቸው። ይሄ ደግሞ ምን ለመሸፈን ነው? እኔን አየችኝ፣ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ፤ እኔንም ከነሱ ቆጠረችኝ። በዚህ መሃል ኔቲ፣ የዶሪን እናት፣ ደረጃውን ትወርዳለች። በመኸር እርሻዋን ሸጣ ከተማ የገባች፣ ወፍራም፣ ወሬ የማይደክማት ሴት ናት። አዲስ ሽርጥ ታጥቃለች፣ የመታጠፊያው መስመር እንኳን አልለቀቀም። ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«እንዴት ነዎት ባባ ፓራስካ? እዚህ ጋ ነፋስ አይገባም?» አለች፣ የመስኮቱን ጠርዝ በእጇ እየዳሰሰች።

«ማሞቂያው አለ» አሉ ባባ ፓራስካ።

«ወንበሩ ግን አይቆረቁርም?»

«አንቺን ምን ይቆረቁርሻል፣ የራስሽን ትራስ ይዘሽ ነው የምትዞሪው» አሉና ሳቁ። ኔቲም ዳሌዋን መታ አድርጋ ሳቀች። ኦሪሲያ አልሳቀችም። ሊጥ በእጇ እንደያዘች ኔቲን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ኔቲ ስለ ስንዴ፣ ስለ ቀድሞ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ከተማ ኪራይ ስታወራ ደህና ጊዜ ቆየች፤ ያን ጊዜ ሁሉ ኦሪሲያ ዓይኗን ከሷ አልነቀለችም። ኔቲ ስትሄድ ኦሪሲያ የእናቷን ትሪ ወደ ራሷ ስባ ጠርዞቹን ከወትሮው አብልጣ ተጫነቻቸው። ቦታቸውን ለማዳን ሌላ መላ አልነበራትም።

ቀጥሎ ወደኔ መጣች። «ውሃሽ በጣም ይፈላል» አለችኝ።

«ካልፈላማ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።»

«የሁሉንም እንዲህ ነው የምትቀቅዪው፣ ወይስ የእኛን ብቻ?»

ሃያ ዓመት ድስት ላይ ስቆም እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። «ኦሪሲያ፣ ሂጂ ቁጭ በዪ፣ እጄ ላይ ጭልፋ አለ» አልኳት። ሄደች። ምሳ ሲቀርብ አልበላችም። ባባ ፓራስካ የተከፈቱትን በክሬም እያጠቀሱ፣ እንስላል እየነሰነሱ፣ ተረጋግተው በሉ። ዶሪን «ልጨምርልዎት?» ስትላቸው እጇን መታ መታ አደረጉላት። ኦሪሲያ ይህንንም አየች። እናቴ ምንም ሳታውቅ የምታባርራትን ሴት ታቆላምጣለች ብላ አሰበች።

የቀረውን ራሷ ነው የነገረችኝ። ወደ ቤት መሄጃ ሲደርስ ዶሪን «ዛሬ እኔ ላድርሳቸው፣ መንገዴ ነው» አለቻት። መንገዷ አይደለም። ኦሪሲያ «እናቴን እኔ አደርሳለሁ» ብላ ኮታቸውን አለበሰቻቸው። ከዚያ ተመልሳ፣ ከጠረጴዛቸው ላይ ገና ያልተቀቀለ አንድ ሙሉ ትሪ በጨርቅ ሸፍና በኋላ በር ወጣች። የቤተ ክርስቲያን ትሪ! መኪናዋን ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ከተሰካበት የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅላ ትሪውን ኋላ ጫነችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር፤ ቤቷ ወስዳ በራሷ ውሃ ትቀቅለዋለች፣ አንድም አይከፈትም፣ ያኔ ሰሃኑን ይዛ ዶሪን ፊት ትቆማለች። እናቴ እጇ አልደከመም፣ አንቺ ነሽ ለእናትሽ ወንበር የፈለግሽው ትላታለች።

በመንገድ ላይ ወንድሟ ቤት ቆመች። እናትየዋን ሞተሩ እንደተነሳ መኪናው ውስጥ ትታ ጋራዡ ገባች። ሜትሮ የበረዶ መጥረጊያ ማሽኑን ፈቶ መሬት ላይ በትኖታል። ቀና ብሎ አይቷት ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ። እነዚህ ወንድምና እህት እናታቸው ቤት ለገና ሲገናኙ እንኳን ጨው አቀብለኝ ከመባባል አያልፉም። «ሚስትህ ማማን ከጠረጴዛው ልታስነሳት ነው። ታውቃለህ?» አለችው።

ሜትሮ አንድ ብሎን በጨርቅ ጠረገ። ሌላም ጠረገ። «ማማን ጠይቂያት» አለ።

«እሷ ምን ታውቃለች?»

«ማማን ጠይቂያት ነው ያልኩት።»

«አንተም ከነሱ ነህ ማለት ነው።»

ሦስተኛ ብሎን አነሳ። የጋራዡን በር በርግዳው ወጣች። አሁን ሁሉም እንዳበሩባት አልተጠራጠረችም።

የባባ ፓራስካ ወጥ ቤት ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ በጥልፍ ፎጣ የተከበበ ሥዕለ አድኅኖ። ኦሪሲያ ውሃ ጣደች፣ ጨው ጨመረች። እናትየዋ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው ትሪውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ውሃው ፈላ። ኦሪሲያ ፒሮሂዎቹን ቀስ አድርጋ ለቀቀች፣ በእንጨት ማንኪያ ከሥር አማሰለች። ተንሳፈፉ። ደህና ናቸው አለች በልቧ። ከዚያ አንዱ ጠርዙ ላላ፣ ድንቹ ወጥቶ ውሃውን አደፈረሰው። እሳቱን ቀነሰች። ሌላው ተከፈተ። ሌላው። ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች፤ ዶሪን እዚያ የለችም፣ እኔም የለሁም፣ የምትጠረጥረው ሰው አጣች። ያኔ እናቴ እውነትም አልቆላታል ብላ አሰበች።

ባባ ፓራስካ ተነስተው እሳቱን አጠፉ። እያንዳንዱን በጭልፋ እያወጡ ሰሃኑ ላይ ለዩአቸው፣ የተከፈቱት ወዲህ፣ ያልተከፈቱት ወዲያ። ያልተከፈቱት ሹሩባቸው ፍንክች አላለም።

«እነዚህን አልነካሻቸውም» አሉ። «ኔቲ ስታወራ ዓይንሽ እሷ ላይ ነበር። ያኔ የሠራኋቸውን ከሌሎቹ ሥር ደበቅኳቸው።»

ኦሪሲያ አልገባትም። ወይም ገብቷት እንዳይገባት ፈለገች።

«እጅሽን አምጪ።» የልጃቸውን መዳፍ ይዘው በአውራ ጣታቸው አሹት። «ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«ቅባት ነው፣ ለመሰንጠቁ፤ በመኸር ነው የጀመርኩት። እጄን በታጠብኩ ቁጥር ይደማል። ሽታ የለውም ማማ።»

«ስለ ሽታ ማን አወራ። ቅባት የነካው ሊጥ አይያያዝም። እዚያ ምድር ቤት ይሄንን የማያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ማንም ያልነገረሽ። ያንቺም አይያዝም፣ የነካሽው የኔም አይያዝም።»

«እርስዎ በኔ መሆኑን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ከመኸር።»

ኦሪሲያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በክረምቱ ሙሉ እናቴን አዳንኩ ስትል የአርባ ዓመት እጃቸውን በአውራ ጣቷ ስታበላሽ ኖራለች። «ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ምን ብዬ? እጄን አላምን ብለሽ ከጀርባዬ እንደምታስተካክዪ አውቃለሁ ልበልሽ?» ባባ ፓራስካ ካፖርታቸውን አሁን ማውለቅ ጀመሩ፣ ቁልፉ እምቢ አላቸው፣ ልጃቸው እንዳትረዳቸው በክንዳቸው ከለከሏት። «ደግሞ አውቅሻለሁ። አንዷ ብትስቅብሽ ኮትሽን ለብሰሽ ትወጫለሽ፣ አትመለሺም። ሎርን የሄደ ጊዜ መጋረጃሽን እንኳን አልገለጥሽም። ስለዚህ ለዶሪን እኔ ነኝ አልኳት። እጄ ደክሟል፣ እናትሽን በቦታዬ አስቀምጪልኝ፣ ለኦሪሲያ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኳት። ምስኪን፣ አለቀሰች።»

«ያን ሁሉ ዓመት የነበረ ስምዎን ለኔ ብለው?»

«ስም ምን ያደርግልኛል? እኔ ዛሬ ነገ ነኝ። አንቺ ግን እኔ ስሞት ሐሙስ ሐሙስ የት ትሄጂያለሽ?»

ኦሪሲያ አለቀሰች፤ ሎርን ሲሄድ እንኳን እንዲህ አላለቀስኩም ብላኛለች። ከዚያ ተነስታ፣ እናቷ «ተዪ፣ ተዪ አልኩሽ» እያሏት፣ ለዶሪን ደወለች።

«ዶሪን፣ የሚከፈተው በኔ ነው» አለች ሰላምታ እንኳን ሳታቀርብ። «እጄን ቅባት እቀባለሁ። የማማንም እየነካካሁ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የእሷ እጅ ምንም አልሆነም።»

በወዲያኛው በኩል ሳህን ሲንኳኳ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። «ሜትሮ መምጣትሽን ነግሮኛል» አለች ዶሪን በለሰለሰ ድምፅ። «ጥሩ ልጅ ነሽ ኦሪሲያ። እኔም ለእናቴ ብሆን እንደዚሁ ነበር የምለው።»

«እውነቴን ነው የምልሽ።»

«እሺ፣ ይሁን። ግን ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ይረፉ። ትሪውን ሐሙስ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ።»

ባባ ፓራስካ ያልተከፈቱትን እየበሉ «ምን አለች?» አሏት።

«ጥሩ ልጅ ነሽ አለችኝ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያስለቅሳል» አሉና ሰሃኑን ወደሷ ገፉላት።

በተከታዩ ሐሙስ ኦሪሲያ ብቻዋን ወረደች። ኔቲ በአዲሱ ሽርጧ የባባ ፓራስካ ወንበር ላይ ከቤቷ ያመጣችውን ትራስ አድርጋ ተንሰራፍታለች። ኦሪሲያ ከጎኗ ተቀመጠች፣ እጇ የደረቀ፣ መጋጠሚያው የተሰነጠቀ፣ ሁለት ጣቷ ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት። በሳምንቱ መሃል ሁሉንም ነገር ነግራኝ ስለነበር ትሪያቸውን ስቀቅል ልቤ ቆሞ ነው። አንድም አልተከፈተም። ሁለተኛውም ትሪ አልተከፈተም። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ድስቴን አይተው ሄዱ፣ ወሬው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ። ኔቲ ናት ጮክ ብላ ያለችው፣ በክፋት አይደለም፣ አንደበቷ ነው እንጂ፤ «አይ ባባ ፓራስካ፣ ለካ እሳቸው ነበሩ» አለች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ «ኧረ ቅባቱ ነው፣ እሳቸው አይደሉም» ብል ዶሪን «አንቺም እንደ ኦሪሲያ ሆደ ባሻ ሆንሽ» አለችኝ።

ኦሪሲያ ተነሳች። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀልቷል። ኮቷ ጋ ስትሄድ ወጥታ መሄዷ ነው ብዬ ነበር፤ እናቷ የፈሩት ይሄንን ነው። ከኪሷ ግን የቅባቱን ቱቦ አወጣች፣ ተመልሳ መሃል ላይ ቆማ፣ ሁላችን እያየናት፣ እስከ አንጓዋ ተቀባችው። ተቀመጠች። ትሪ ሙሉ ፒሮሂ ሠራች፣ ጠርዙን አጥብቃ ተጫነች፣ ይዛ ወደኔ መጣች። «ቀቅይው» አለችኝ። «ሁላችሁም ኑና እዩ።»

ቀቀልኩት። ሊጥና ድንች እንደዚያ ሲባክን ማየት ለኔ ቀላል አይደለም። ዙሪያዬን ቆሙ፣ ዶሪን ከቀኜ፣ ኔቲ ከኋላዬ ትተነፍሳለች። አንዱ ተከፈተ፣ ሦስቱ ተከፈቱ፣ ከዚያ ድስቱ በሙሉ ድንች ሾርባ ሆነ። አንዲት ሴት ሳል ያዛት፤ ሳቅ ነበር የመሰለኝ፣ ኦሪሲያም መሰላት፣ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «አንድ ክረምት ሙሉ ይሄ የኔ ነበር» አለች። «የምትስቂ ሳቂ፣ እኔ ሐሙስም እመጣለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ኔቲ ሄዳ ከመስኮቱ ወንበር ላይ ትራሷን አንስታ ድንች ወደሚላጥበት ገበታ ወሰደችው። ዶሪን ድስቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ከዚያ ሽርጧን ሳትፈታ ኮቷን ደርባ ባባ ፓራስካን ልታመጣ ወጣች።